ሰው ስቆ ስሙን እንዳይረሳ፦ አስቂኝ የቴሌቪዥን ማስታወቂያ አሠራር

ድሬዳዋ ውስጥ ሱቅ ያለው ሰው ሁሉ አንድ ቀልደኛ ዘመድ አያጣም። ሠርግ ላይ ማይክ የሚሰጠው፣ ለቅሶ ቤት ሳይቀር ሰው የሚያስቅ ዓይነት። ባለሱቁ የቴሌቪዥን ማስታወቂያ ለማሠራት ሲያስብ መጀመሪያ የሚደውለው ለእሱ ነው። «አቦ፣ የሆነ የሚያስቅ ነገር ሥራልኝ!» ዘመድም ይሠራል። ሰውም ይስቃል። ከሳምንት በኋላ ከዚራ አንዱ ሻሂ ቤት ገብታችሁ ብትጠይቁ ቀልዱን የማያውቅ የለም። የማን ማስታወቂያ እንደነበር የሚነግራችሁ ግን አታገኙም።

ይሄ የድሬ ችግር ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1989 አሜሪካ ውስጥ ኤነርጃይዘር ባትሪ ከበሮ እየመታ የማይቆም ሮዝ ጥንቸል ይዞ ብቅ አለ። ማስታወቂያው በጣም ተወደደ። ብዙ ተመልካች ግን የዱራሴል ባትሪ ማስታወቂያ መስሎት ነበር። ከበሮ የሚመታ ጥንቸል ቀድሞ ያመጣው ዱራሴል ስለነበር ኤነርጃይዘር በገዛ ገንዘቡ የተፎካካሪውን ስም ሲያስታውስ ሰነበተ ማለት ነው። ያን ያህል ገንዘብ ያለው ድርጅት እንዲህ ከሆነ መገላ ውስጥ አንድ ሱቅ ያለው ሰው ጥንቃቄው እጥፍ መሆን አለበት።

ስለዚህ ከታች የምዘረዝረው ሁሉ ለአንድ ነገር ነው፦ ቀልዱ ከምርቱ ውስጥ ይውጣ። ምርቱ ከማስታወቂያው ሲወጣ ቀልዱም አብሮ የሚወድቅ ከሆነ ሥራችሁ ጥሩ ነው። ምርቱ ወጥቶም ቀልዱ ካሳቀ ለቀልደኛው ዘመድ ስም እየገዛችሁለት ነው።

1. የምትሸጡትን በአንድ ዓረፍተ ነገር ጻፉ

«ጥራቱን የጠበቀ፣ በተመጣጣኝ ዋጋ፣ ከአስተማማኝ ዋስትና ጋር» የሚለውን ሰርዙት። እሱን ሁሉም ይላል፣ ማንም አይሰማውም። አንድ ነገር ብቻ ምረጡ።

ለምሳሌ እንዲሆነን ቬንትሌተር እንሽጥ። ድሬ ላይ ከዚህ የተሻለ ምሳሌ አላገኘሁም። ስሙን ለጊዜው «እገሌ» እንበለው። ዓረፍተ ነገራችን ይቺ ናት፦ እገሌ ያለበት ቤት ቀትር ላይ ያስቀምጣል። በቃ። ስለ ሞተሩ፣ ስለ ቀለሙ፣ ስለ ሦስቱ ፍጥነቶቹ ሱቅ ሲመጡ ትነግሯቸዋላችሁ።

2. ቀትር ላይ ወጥታችሁ ሰው እዩ

ቀልድ ቢሮ ተቀምጦ አይገኝም። ድሬ ላይ በቀትር ውጡ ማለት ጭካኔ መሆኑ ይገባኛል። ግን ዕቃው የሚያስፈልገው በዚያ ሰዓት ነው፤ ሰውም የሚያስቅ ነገር የሚያደርገው በዚያው ሰዓት ነው። ትንሽ ደብተር ያዙና ሰው ከሙቀቱ ጋር እንዴት እንደሚታገል መዝግቡ።

ባጃጁን ዛፍ ሥር አቁሞ የተኛ ልጅ ታያላችሁ። ተሳፋሪ ሲጠራው ዓይኑን ሳይገልጥ «ሞልቷል» ይላል። ባጃጁ ባዶ ነው። ጥላው ሲዞር ወንበሩን ተሸክሞ አብሮ የሚዞር ሽማግሌ አለ። ምግብ ቤት የሚገባው ሰው መጀመሪያ የሚያየው ሜኑውን ሳይሆን ጣሪያውን ነው፤ ቬንትሌተሩ በየት በኩል እንዳለ አይቶ ነው ወንበር የሚመርጠው። እዚያ ወንበር ላይ ቀድሞ የተቀመጠው ደግሞ በልቶ ከጨረሰ ቆይቷል፤ አይነሳም። የተዋሰውን ዕቃ ለመመለስ ብሎ ነፋስ ያለበት ቤት ገብቶ የሚቀር ጎረቤትም አይጠፋም።

እነዚህ ሁሉ ያለ ክፍያ የተገኙ ስክሪፕቶች ናቸው። የድሬ ሰው ግልጽ ነው፤ ውሸት የሆነ ነገር ብታሳዩት «ተወና አቦ!» ብሎ ቻናል ይቀይራል። የራሱን ጠባይ ሲያይ ግን ጎረቤቱን በክርኑ ጎሸም ያደርጋል። እኛ የምንፈልገው ያንን ጉሸማ ነው።

ሥራችሁ ሐረር ከሆነ የቬንትሌተሩን ቀልድ እዚህ ተዉት። ሐረር በመኪና ብዙ አይርቅም፤ ግን ከፍታው ከ1,800 ሜትር በላይ ስለሆነ ማታ ሹራብ ያስደርባል። እዚያ ሌላ እውነት ፈልጉ። ለምሳሌ የጀጎል መንገዶች እጅግ ጠባብ ናቸው። ትልቅ ፍሪጅ ተሸክመው የሚገቡ ሁለት ሰዎችና ከወዲያ ቅርጫት ይዘው የሚመጡ እናት መሀል መንገድ ላይ ቢገናኙ ማን ወደ ኋላ ይመለሳል? ዕቃ ቤት ድረስ ለሚያደርስ ሱቅ ይሄ ተዘጋጅቶ የተቀመጠ ማስታወቂያ ነው። መኪና ግርግር በሚባለው መንገድ ተሰልፈው የሚሰፉት ልብስ ሰፊዎችም ለጨርቅ ሻጭ ትልቅ ሀብት ናቸው። ጅቡን ግን ባትነኩት እመርጣለሁ። ሐረር በተባለ ቁጥር ጅብ ማምጣት ቀላል ነው፤ ቀላል ስለሆነም ሁሉም ያመጣዋል። የማን ጅብ እንደነበር ማን ያስታውሳል?

3. ምርቱን አውጥታችሁ ፈትኑት

ካያችሁት ውስጥ ሦስት አራት ሐሳብ ምረጡ። እያንዳንዱን ለሰው ንገሩ፤ ምርቱን ግን አትጥሩ። ሰሚው ከሳቀ ያ ሐሳብ አይሆናችሁም። «እና ምኑ ነው የሚያስቀው?» ካለ ቀጥሉና ምርቱን ጨምሩበት። አሁን ከሳቀ ያዙት።

ባልና ሚስት ተጣልተው መጨረሻ ላይ «ለማንኛውም የእገሌን ሶፋ ይግዙ» የሚል ማስታወቂያ በዚህ ፈተና ይወድቃል። ጠቡ ለሶፋም፣ ለዘይትም፣ ለሲሚንቶም ይሆናላ። የጎረቤቱ ሐሳብ ግን ያልፋል። ቬንትሌተሩን ብታወጡት ጎረቤቱ ገብቶ የሚቀርበት ምክንያት የለውም።

በዓለም ከታወቁት አንዱን ልጥቀስ። እ.ኤ.አ. በ1984 ዌንዲስ የተባለው የአሜሪካ በርገር ቤት ሦስት አሮጊቶችን አቀረበ። ፊታቸው የሌላ በርገር ቤት ትልቅ ዳቦ አለ፤ ሲከፍቱት መሀሉ ላይ ያለችው ሥጋ ሚጢጢ ናት። አንደኛዋ «ሥጋው የታለ?» ብላ ትጮኻለች። አገሩ ሁሉ ይህችን አባባል ያዛት፤ የፕሬዚዳንት ምርጫ ክርክር ላይ ሳይቀር ተጠቀሙባት። ተለይታ የወጣችው አባባሏ የምርቱ ዋና ጥያቄ ስለሆነች ነው። ሥጋውን የምታነሳ ቃል ስትነገር ሥጋ የሚሸጠውም አብሮ ይነሳል።

4. በሰከንድ ከፋፍላችሁ ጻፉ

የተለመዱት የማስታወቂያ ርዝመቶች 15፣ 30 እና 60 ሰከንድ ናቸው። ለቀልድ 30 ይበቃል። 60 ሰከንድ ተዋናዩን ያንዛዛዋል፤ በ15 ሰከንድ ውስጥ ደግሞ ሰው ገና ሳይገባው ያልቃል። የአማርኛ ቃል ረጅም ስለሆነ በ30 ሰከንድ ውስጥ ከ50 ቃል በላይ ከጻፋችሁ ተዋናዩ ይንጣጣል። እኔ ብሆን ከ35 አላልፍም። ቀሪውን ፊት ይናገረዋል።

የእገሌ ቬንትሌተር ስክሪፕት እንዲህ ሊሆን ይችላል፦

ከ0 እስከ 6 ሰከንድ፦ ቀትር፤ መገላ ያለ ግቢ። እትዬ ምንጣፍ ላይ ጋደም ብለዋል። ቬንትሌተሩ ይዞራል። ጎረቤት ወንፊት ይዞ በሩ ላይ ይቆማል። «እትዬ፣ ወንፊቱን ልመልስ ብዬ ነው። አልገባም፣ አልገባም።» በሚቀጥለው ምስል ምንጣፉ ላይ ሻሂ ይዞ ተቀምጧል።

ከ6 እስከ 13፦ ሚስቱ መጣች። «እሱን ልጠራው ነው።» ተቀመጠች። ባጃጅ ነጂው መጣ። «ሒሳቤን…» እሱም ተቀመጠ።

ከ13 እስከ 18፦ ማንም የማያውቀው ሰው በሩ ላይ ቆመ። እትዬ፦ «ማንን ፈልገህ ነው?» ሰውየው፦ «እገሌን።» ሁሉም በአንድ ላይ ወደ ቬንትሌተሩ ይጠቁማሉ። ሰውየው ጫማውን ያወልቃል።

ከ18 እስከ 23፦ እትዬ ቀስ ብለው በእግራቸው ጣት ቬንትሌተሩን ያጠፉታል። ዝምታ። ሰው ሁሉ ላቡን ይጠርጋል። «በሉ እንግዲህ…» «አዎ፣ መሽቷል።» (ውጭ ፀሐዩ ገና አናት ላይ ነው።) ይወጣሉ።

ከ23 እስከ 27፦ እትዬ እፎይ ብለው መልሰው ያበሩታል። በዚያው ቅጽበት ሁሉም በሩ ላይ ናቸው። ጎረቤቱ፦ «ወንፊቱን ረስቼ…»

ከ27 እስከ 30፦ ቬንትሌተሩ ብቻውን፣ ስሙ በትልቁ። ድምፅ፦ «እገሌ ቬንትሌተር። እንግዳ የማይወድ አይግዛው።»

እዚህ ላይ ሦስት ነገር ልብ በሉ። ስሙ የተጠራው ቀልዱ መሀል ላይ ነው፤ መጨረሻ ላይ ብቻ አልተለጠፈም። እንዲያውም «እገሌን» የሚለው መልስ ራሱ ነው የሚያስቀው፤ ስለዚህ ቀልዱን ለጓደኛው የሚያወራ ሰው ስሙን ሳይጠራ ማውራት አይችልም። ሁለተኛ፣ ታሪኩ የሚዞረው በማብሪያና ማጥፊያው ነው። ሲጠፋ ይሄዳሉ፣ ሲበራ ይመጣሉ። ከዚህ በላይ ስለ ነፋሱ ማስረዳት አያስፈልግም። ሦስተኛ፣ ማንም አልተዋረደም። እትዬም ብልህ ናቸው፣ ጎረቤቱም ቢሆን የምናውቀው ጎረቤታችን ነው።

የምርታችሁ ስም ለአፍ የሚከብድ ከሆነ ቀልዱ ውስጥ ሁለት ጊዜ እንዲጠራ አድርጉ። ከዚያ በላይ ሰው ይሰለቻል።

5. ድምፁን ዘግታችሁ እዩት

ይሄ ደረጃ አዲስ አበባ ላይ ሊታለፍ ይችል ይሆናል። ድሬ ላይ ግን አይታለፍም። እዚህ አንድ ሰው በአማርኛ ጀምሮ፣ በኦሮምኛ ሰላም ብሎ፣ በሶማሊኛ ዋጋ ተከራክሮ ነው ወደ ቤቱ የሚገባው። ሐረር ከሄዳችሁ ሐረሪ ይጨመራል። ማስታወቂያችሁን የሚያየው ሰው ግማሹን ቃል ላይዝ ይችላል። ሻሂ ቤት ከሆነም ቴሌቪዥኑ ከዶሚኖው ጩኸት ጋር እየተፎካከረ ነው።

ስለዚህ ስክሪፕቱን ቃል በሌለበት በስዕል ብቻ አስቀምጡት። አሥር ካሬ አስምራችሁ በእርሳስ ሰው መሳል ይበቃል፤ ሠዓሊ መሆን አያስፈልግም። ከዚያ አማርኛ ብዙም ለማይችል ሰው አሳዩት። ከገባው ተሳክቷል። የቬንትሌተሩ ታሪክ ያለ ድምፅ ይገባል፤ የሚጎድለው ስሙ ብቻ ነው። መድኃኒቱ ቀላል ነው፦ ሰውየው ስሙን ሲጠራ ቬንትሌተሩ ላይ የተጻፈው ስም በካሜራ ጎልቶ ይታይ።

የቃላት ጨዋታ የምትወዱ ታዝኑብኛላችሁ። ሰምና ወርቅ ውብ ነገር ነው። ግን ወርቁን ለማውጣት ጊዜ ይፈልጋል፤ ተመልካቹ ደግሞ አንድ ዓይኑ ስልኩ ላይ ነው። ለሬዲዮ አስቀምጡት።

የሰው አነጋገር እየኮረጁ ማሳቅንም አልወደውም። አማርኛውን በሶማሊኛ ወይም በኦሮምኛ ቅላጼ የሚናገር ገጸ ባሕርይ ሰው ያስቃል፤ እውነት ነው። ግን የሚሳቅበት ሰው ደንበኛችሁ ነው። ድሬ ያለው ታይዋን ገበያ ሄዳችሁ ከአሥር ሻጭ ስንቱ እንደዚያ እንደሚናገር አዳምጡ። ገጸ ባሕርዩ በራሱ ቅላጼ ይናገር፣ ግን ብልጡ እሱ ይሁን።

6. ቀረጻው

ማለዳ ከ12 እስከ 3 ሰዓት ቅረጹ። ብርሃኑ ለስላሳ ነው፣ ተዋናዩ አይደክምም፣ ካሜራውም ሆነ ስልኩ ግሎ አይጠፋባችሁም። ቀትር እንዲመስል ላቡን በውኃ ርጩ። እውነተኛ ላብ ካሜራ ላይ እንደ ሕመም ይታያል።

መብራት ያለበት ቤት ውስጥ ከሆነ በሰከንድ 25 ፍሬም (ምስል)፣ ሸተሩን (እያንዳንዱ ምስል ብርሃን የሚቀበልበትን ጊዜ) ደግሞ 1/50 ሰከንድ አድርጉት። የአገራችን ኤሌክትሪክ 50 ኸርዝ ስለሆነ ሌላ ቁጥር ከተጠቀማችሁ መብራቱ ሊርገበገብባችሁ ይችላል።

ቬንትሌተር መቅረጽ የራሱ ጣጣ አለው። ካሜራ ላይ ክንፎቹ የቆሙ ወይም ወደ ኋላ የሚዞሩ መስለው ሊታዩ ይችላሉ። የፍሬሙ ፍጥነትና የክንፉ ፍጥነት ሲገጣጠሙ የሚመጣ ነገር ነው። ፍጥነቱን በማብሪያው ቀይሩና ሞክሩ። ከሁሉ የሚሻለው ግን ቬንትሌተሩ ፊት ለፊት ያለው መረብ ላይ ቀይ ሪባን ማሰር ነው። ሪባኑ ሲውለበለብ ነፋሱ ይታያል፤ ሲጠፋ ሪባኑ ዝልፍልፍ ሲል ደግሞ እሱም አንድ ቀልድ ነው። ድምፅ ስትቀዱ ቬንትሌተሩን አጥፉት። ነፋሱ ማይክ ውስጥ ከገባ ማንም ኤዲተር አያወጣላችሁም። የመዞሩን ድምፅ ለብቻ ቀድታችሁ በኋላ አስገቡት።

ተዋናዮቹ እንዳይስቁ ንገሯቸው። ቀልደኛው ዘመዳችሁ ከተሳተፈ በተለይ እሱን አስጠንቅቁት። እትዬ ቬንትሌተሩን ሲያጠፉ ፊታቸው ላይ ምንም ነገር መታየት የለበትም። ተዋናይ ራሱ ከሳቀ ተመልካቹ የሚስቅበት ቦታ ያጣል።

ኤዲት ላይ ከመጥፋቱ በኋላ ያለችውን ዝምታ አትቁረጧት። ኤዲተሮች ሙዚቃ ሊሞሉባት ይፈልጋሉ። እንቢ በሉ።

7. ሕጉን እዩ

የማስታወቂያ አዋጅ ቁጥር 759/2004 አሳሳች ማስታወቂያን፣ የሌላውን ምርት ማንቋሸሽን፣ ብሔርን፣ ጾታን ወይም አካል ጉዳትን የሚነካ ነገርን ይከለክላል። ስለዚህ የዌንዲስን መንገድ እንዳለ አታምጡት። ስሙ ባይጠራም የማን ዳቦ እንደሆነ የሚታወቅ ከሆነ ጣጣ ነው። ማጋነንም ልክ አለው። ሰው ከመንገድ እየተጠራ ሲመጣ ቀልድ መሆኑ ለሁሉም ግልጽ ነው፤ «መብራት አይበላም» ካላችሁ ግን ውሸት ነው።

የአልኮል መጠጥ ከሆነ ቴሌቪዥኑን እርሱት። በአዋጅ ቁጥር 1112/2011 መሠረት በሬዲዮም በቴሌቪዥንም አይተዋወቅም። የቢራ ማስታወቂያዎች ከስክሪን የጠፉት በዚህ ምክንያት ነው። መድኃኒትና ሕክምና ነክ ነገር ከሆነም ከመቅረጻችሁ በፊት የሚመለከተውን መሥሪያ ቤት ጠይቁ።

8. አየር ላይ ማዋል

ድሬ ቴሌቪዥንም ሆነ ሐረሪ ቴሌቪዥን፣ ሰዓት ስትገዙ «በቀን ስንት ጊዜ?» ብቻ ብላችሁ አትደራደሩ። መቼ የሚለው ይበልጣል። ለቬንትሌተር ወሩ ሲሞቅ፣ ሰው ምሳ በልቶ ቤቱ በተዘረረበት ሰዓት ነው። በረመዳን ደግሞ ቤተሰብ የሚሰበሰበው አፍጥሮ ነው። የምግብ ማስታወቂያ ካላችሁ በረመዳን ቀን ላይ፣ በዓቢይ ጾም ደግሞ ሥጋና ቅቤ አታሳዩ። ሕግ አይደለም፤ ግን ሰው ያዝንባችኋል።

ቀልድ ሲደጋገም ያረጃል። ይሄን ማምለጥ አይቻልም፤ ማዘግየት ግን ይቻላል። አጥንቱን ሳትነኩ ሥጋውን ቀይሩ። ስኒከርስ ቸኮሌት እ.ኤ.አ. ከ2010 ጀምሮ «ሲርብህ አንተ አንተ አይደለህም» በሚል አንድ ሐሳብ ብዙ ማስታወቂያ ሠርቷል። በመጀመሪያው ቤቲ ዋይት የተባለች አረጋዊት ተዋናይት ጭቃ ላይ ኳስ ስትጫወት ትታያለች፤ ለካ የራበው ጎረምሳ ነው፤ ስኒከርሱን ሲበላ ወደ ራሱ ይመለሳል። ከዚያ በኋላ በየአገሩ ሰውየው ተቀየረ፣ ሐሳቡ አልተቀየረም። እናንተም በአንድ የቀረጻ ቀን ሦስት መግቢያ ቅረጹ፦ አንዱ ወንፊት፣ አንዱ መሰላል፣ አንዱ ደግሞ ከአንድ ዓመት በፊት የተዋሳትን አሥር ብር ሊመልስ የመጣ። ይሄኛውን ሰው አያምንም፤ ለዚያ ነው የሚያስቀው። በየሁለት ሳምንቱ እየቀያየራችሁ አስተላልፉ።

9. ሠርቷል ወይ?

«ማስታወቂያችንን ወደዳችሁት?» ብላችሁ አትጠይቁ። የድሬ ሰው ፊት ለፊት ይናገራል ቢባልም ሻሂ እየጋበዛችሁት ከሆነ ወደድኩት ይላል። ይልቅ እናንተን የማያውቅ ሰው ይጠይቅላችሁ፤ ጥያቄውም እንዲህ ይሁን፦ «ሰሞኑን ቴሌቪዥን ላይ ያሳቀህ ማስታወቂያ አለ? እስቲ ንገረኝ።» ከዚያ ዝም ብሎ ያዳምጥ። ሃያ ሰው ይበቃል። ቀልዱን ስንቱ ተናገረ፣ ስሙን ስንቱ ጠራ የሚለውን ለየብቻ ይመዝገብ። ስሙን የተሳሳተ ካለ በማን እንደተካው ይጻፍ፤ ይሄ ከሁሉም በላይ ይጠቅማችኋል።

ሱቅ ውስጥም የሚገባውን ሰው ጆሮ ሰጥታችሁ ስሙት። «ቬንትሌተር አላችሁ?» ካለ ሙቀቱ ነው ያመጣው። «እገሌን ፈልጌ ነው» ካለ ማስታወቂያው ነው።

ቀልዱን የሚያስታውሱት ብዙ፣ ስሙን የሚጠሩት ግን ጥቂት ከሆኑ አዲስ ስክሪፕት ለመጻፍ አትቸኩሉ። መጀመሪያ ኤዲተሩ ጋ ተመለሱ። የማያውቁት ሰው «እገሌን» የሚልባትን ቦታ ሁለት ሰከንድ አስረዝሙ፣ ቬንትሌተሩ ላይ ያለውን ስም አቅርባችሁ አሳዩ፣ ከሚስትየዋና ከባጃጅ ነጂው አንዱን ቁረጡ። ከዚያ ሌሎች ሃያ ሰዎችን አስጠይቁ።